ከፈነዳው ጠርሙስ በኋላ

ጥያቄ፦

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የምኖር የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነኝ። ለባለፈው ፋሲካ እናቴ በስልክ እየመራችኝ ጠላ ልጥመቅ ብዬ ጌሾና ብቅል ከሀበሻ ሱቅ ገዛሁ። ከደፈደፍኩት በሦስተኛው ቀን መልኩም ሽታውም አማረኝና አጥልዬ በመስታወት ጠርሙስ ሞላሁት፤ ክዳኑንም ግጥም አድርጌ ዘጋሁት። በማግስቱ ሌሊት ሁለቱ ጠርሙሶች ፈነዱ። ማንም አልተጎዳም፤ ኩሽናው ግን ስብርባሪ በስብርባሪ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ጠመቃ የሚል ቃል ስትሰማ ትደነግጣለች።

በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቤቱ የጠመቀውን ቢራ አቀመሰኝና ልቤ እንደገና ተነሣ። ከየት ልጀምር? ስንት ገንዘብ ይፈጃል? በአፓርታማ ውስጥ ይቻላል? ቢራን በሚያመርረው ሆፕስ በተባለው አበባ ፈንታ ጌሾ ባደርግበትስ? አንዱ ጓደኛዬ «ከተሳካልህ ለሰርግና ለክርስትና ትሸጣለህ» ይለኛል። ሌላው «ይህ የሴት ሥራ ነው» ብሎ ይስቅብኛል። እናቴ ደግሞ «ጠላ እያለ ቢራ ምን ያደርግልሃል?» ትላለች።

ልቡ የተነሣው፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦

ወንድሜ፣ ማንም ሳይጎዳ በመትረፉ እግዚአብሔር ይመስገን። የፈነዳ ጠርሙስ ዓይን ያጠፋል። ባለቤትህ መደንገጧ ትክክል ነው፤ እኔም በእርሷ ቦታ ብሆን እደነግጥ ነበር። ነገር ግን የሠራኸውን ሁሉ ከነቀኑ ጽፈህልኛል፤ ያደረገውን እንዲህ የሚያስተውል ሰው ጠማቂ ይወጣዋል። ስለ ዕቃና ስለ ዋጋ ከማውራቴ በፊት ያ ጠርሙስ ለምን እንደፈነዳ ልንገርህ። ይህን ከተረዳህ የቢራ ጠመቃን ግማሽ ተረዳህ ማለት ነው።

በቋንቋችን ውሃ በእሳት ሲንተከተክ «ፈላ» እንላለን፤ ጠላ በጋኑ ውስጥ ሲንፈቀፈቅም «ፈላ» እንላለን። ሁለቱ ግን በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ሕይወት ያለውን ይገድላል፤ ሁለተኛው ሕይወት ያለው ነገር የሚሠራው ሥራ ነው። እንዳንደናገር የእሳቱን ማፍላት፣ የእርሾውን መብላላት እያልኩ እጽፍልሃለሁ።

እርሾ ስኳር ይበላል፤ በምትኩ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በጋን ውስጥ ከሆነ ጋዙ መውጫ ያገኛል። አንተ ግን መብላላቱ ገና በተጧጧፈበት ቀን በመስታወት አፍነህ ዘጋህበት። በዚያ ላይ ጠላ የራሱ ጠባይ አለው። ብቅሉ ከገባ በኋላ እሳት አይነካውም። በብቅል ውስጥ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች አሉ፤ እነርሱም በድፍድፉ ውስጥ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እንኩሮውና ቂጣው ቀስ በቀስ ስኳር ይሆናል፣ እርሾው ደግሞ ከኋላ እየተከተለ ይበላዋል። ስለዚህ ለእርሾው የሚሆን ምግብ በየቀኑ ይጨመራል ማለት ነው። እናቶቻችን ጠላን በጠርሙስ አሽገው ለወራት የማያስቀምጡት፣ ከጋኑ እየቀዱ በቶሎ የሚያስጠጡት፣ ይህን ጠባዩን በእጃቸው ስለሚያውቁት ነው።

ቢራ ግን ሌላ መንገድ ይሄዳል። ከብቅሉ የወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ከሆፕስ ጋር ለአንድ ሰዓት ያህል በእሳት ይፈላል። እሳቱ ኢንዛይሞቹን ያቆማቸዋል፤ የስኳሩም ዓይነትና መጠን በዚያው ይወሰናል። እርሾው ከመግባቱ በፊት ስኳሩ ስንት እንደነበረ ትለካለህ፤ ሲበላላ ከቆየ በኋላም እንደገና ትለካለህ። ቁጥሩ መውረዱን ሲያቆም እርሾው ጠግቦ ተኝቷል ማለት ነው። ለጠርሙስ ጊዜው የደረሰ መሆኑን የምታውቀው በዚህ ነው። የእናትህን ዓይንና ምላስ ለማግኘት ዓመታት ይፈጃሉ፤ እስከዚያው ድረስ መለኪያ ይተካልሃል።

መለኪያው ሃይድሮሜትር ይባላል። በፈሳሹ ላይ ተንሳፍፎ፣ ስኳሩ ፈሳሹን ከውሃ ምን ያህል እንዳከበደው በቁጥር የሚያሳይ ቀጭን የመስታወት ዘንግ ነው፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሚረሷቸው ዕቃዎች አንዱ እርሱ ነው፤ እኔ ግን ከድስቱ ቀጥሎ እርሱን ግዛ እልሃለሁ።

ባልደረባህ በ5 ጋሎን፣ ማለትም በ19 ሊትር ገደማ የሚጠምቅ ይሆናል፤ አብዛኛው ሰው እንዲያ ነው። አንተ በ1 ጋሎን ጀምር። ይህ 3.8 ሊትር ነው፤ አተላው ሲቀር ዘጠኝ ወይም አሥር ትንንሽ ጠርሙስ ይወጣዋል። ቢበላሽብህ ኀዘኑ ትንሽ ነው፤ ድስቱ በተራ የኩሽና ምድጃ ላይ ይጣዳል፤ ማቀዝቀዣውም የዕቃ ማጠቢያ ገንዳህ ይሆናል። አፓርታማ ለዚህ መጠን ከበቂ በላይ ነው። ለጀማሪ ተሟልቶ የሚሸጠው የ1 ጋሎን ዕቃ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ዶላር ያስወጣል። ለየብቻ የምትገዛ ከሆነ 8 ሊትር የሚይዝ ድስት፣ ለምግብ የሚሆን ባለ 2 ጋሎን ባልዲ ከነክዳኑ፣ ጋዝ አስወጥቶ አየር የማያስገባ ኤርሎክ የሚባል ውሃ የሚሞላበት ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ፣ መገልበጫ የጎማ ሲፎን፣ ቴርሞሜትርና ያልኩህ ሃይድሮሜትር ይበቁሃል። የመዳብ ጥቅልልና የሚያብረቀርቅ በርሜል አይተህ አትጎምዥ። ብዙዎች ገንዘባቸውን በዕቃው ላይ ጨርሰው ሁለት ጊዜ ከጠመቁ በኋላ ዕቃውን ቁም ሣጥን ውስጥ ይከቱታል።

አሁን ወደ ንጽሕና ልምጣ። እናትህ ጋኑን በግራዋ ፈትጋ፣ አጥባ፣ በወይራ ጭስ ስታጥን አይተህ ይሆናል። የጋኑ አፍ ላይ ተደፍታ ጭሱን ስታፍን ልጅ ሆኜ እናቴን አይቻታለሁ፤ ለመዓዛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለመዓዛ ብቻ አልነበረም፤ ጠላውን የሚያበላሹትን ጥቃቅን ተሕዋስያን እየቀነሰች ነበር። የቢራ ጠማቂም ሥራ ይኸው ነው። መጀመሪያ ዕቃውን በሳሙና እጠብ፤ ከዚያ ስታር ሳን በሚባለው፣ ከተነከረ በኋላ በማይለቀለቀው አሲድ ንከረው። ለ5 ጋሎን ውሃ 1 አውንስ፣ ማለትም ለአንተ 1 ጋሎን 6 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል፤ ለሁለት ደቂቃ ይንካው። አረፋው አያስፈራህ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሃለሁ፤ በረኪናን ከአሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም አትቀላቅል፤ የሚመርዝ ጋዝ ያወጣል። ሲፎኑንም በአፍህ አትሳብ። አፋችን ቢራ በሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎች የተሞላ ነው።

ሕፃን በቤት እንዳለ ስለነገርከኝ የምጨምረው አለ። ልጅህ ተኝታ ወይም ከቤት ወጥታ ሳለ ጥመቅ። የፈላ የብቅል ፈሳሽ ስኳር ስላለው ከቆዳ ጋር ይጣበቃል፤ ከተራ ውሃ የባሰ ያቃጥላል።

ውሃህን በተመለከተ በዋሽንግተን ዙሪያ የምትኖሩ ሁላችሁም ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። የአካባቢው የቧንቧ ውሃ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል የሚታከመው በክሎራሚን ነው። ተራ ክሎሪን በማፍላት ይለቃል፤ ክሎራሚን ግን በቀላሉ አይለቅም። በቢራ ውስጥ ሲገባ የሆስፒታል መድኃኒት የመሰለ ጣዕም ያመጣል። የመጀመሪያዬን ቢራ ያበላሸብኝ እርሱ ነው፤ ለሦስት ሳምንት የጠበቅኩትን በማጠቢያው ደፋሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሱቅ የምንጭ ውሃ ግዛ። በኋላ ካምፕደን የሚባለውን ክኒን ትገዛለህ፤ አንዱ ክኒን 20 ጋሎን ያህል ያክማል፤ ለአንተ ትንሽ ፍርፋሪ ይበቃል።

ለመጀመሪያ ቀንህ የማዝዝልህ ቢራ ቀላል ነው። ከጠመቃ ዕቃ መደብር 450 ግራም ገደማ የደረቀ የብቅል ጭማቂ ግዛ። ከሀበሻ ሱቅ የምታገኘው የተፈጨ ብቅል አይደለም፤ ይህ ስኳሩ ከብቅሉ ወጥቶ የደረቀ ነው፣ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። አምስት ሊትር ውሃ አሙቅ፣ ድስቱን ከእሳት አውርድ፣ ዱቄቱን እያማሰልክ ጨምር፣ ከዚያ መልሰህ ጣደው። ከእሳት ሳታወርድ ከጨመርክ ታች ይይዛል፣ ያርራል። መንተክተክ ሲጀምር ከድስቱ አትራቅ። አረፋው በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ይገነፍላል፤ የባለቤትህ ምድጃ በስኳር ከተሸፈነ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ይቅርታ ትጠይቃለህ። አረፋው ሲረጋ 7 ግራም ካስኬድ የተባለውን ሆፕስ ጨምር። ካስኬድ በኦሪገን ተዳቅሎ በ1972 ለገበሬዎች የወጣ የአሜሪካ ሆፕስ ነው፤ የብርቱካን ልጣጭና የአበባ ሽታ አለው። መጀመሪያ የሚገባው መራራነቱን ይሰጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ እሳቱን ልታጠፋ ስትል ሌላ 7 ግራም ጨምር፤ እርሱ ለሽታው ነው።

ከዚያ ድስቱን ክደንና በበረዶ ውሃ ገንዳ ውስጥ አስቀምጥ። ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እስኪወርድ ጠብቅ። በባልዲው ውስጥ ገልብጥ፣ በተንነው ምትክ ቀደም ሲል አፍልተህ ባቀዘቀዝከው ውሃ 3.8 ሊትር ሙላው፣ ክዳኑን ዘግተህ ደህና አድርገህ ወዝውዘው። እርሾው ሥራውን ሲጀምር ኦክስጅን ይፈልጋል፤ አየር ለቢራህ ወዳጁ የሆነበት ጊዜ ይህ ብቻ ነው፤ ከዚህ በኋላ ጠላቱ ነው። ለካ፤ ቁጥሩ 1.044 አካባቢ ይሆናል። ኤል ለሚባለው የቢራ ዓይነት የሚሆን ደረቅ እርሾ በ11.5 ግራም ከረጢት ይሸጣል፤ ግማሹን በላዩ ነስንስበት። ኩሽናው በዚህ ሰዓት አሻሮ የታመሰበት ቤት ይሸታል። ባለቤትህን የምትጠራት ያን ጊዜ ነው።

ሰው ሁሉ ስለ ሆፕስና ስለ ብቅል ይጠይቀኛል። ስለ ሙቀት የሚጠይቀኝ የለም፤ ቢራን ቢራ የሚያደርገው ግን እርሱ ነው። የኤል እርሾ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ፣ በፋራናይት ከ64 እስከ 68 ገደማ ሲሆን በጨዋነት ይሠራል። 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሞቀው ይቸኩላል፤ ቢራው የሙዝ፣ የባሰም የቀለም ማቅለጫ ሽታ ያመጣል። እርሾው ሲሠራ ራሱ ሙቀት እንደሚያወጣ አትርሳ፤ የክፍሉ ሙቀት 20 ቢሆንም ባልዲው ውስጥ ከዚያ ይበልጣል። ለእንቁጣጣሽ ልታደርሰው ካሰብክ ነሐሴ 1 ቀን ሳያልፍ መጥመቅ አለብህ፤ የቨርጂኒያ ነሐሴ ደግሞ እሳት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ባልዲውን ውሃ ባለበት ሰፊ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው፣ አሮጌ የጥጥ ቲሸርት አልብሰው፣ የቲሸርቱ ጫፍ ውሃው ውስጥ ይግባ። ጠዋትና ማታ በፍሪዘር የቀዘቀዘ የውሃ ጠርሙስ ሳፋው ውስጥ ክተት። እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዝበት ዘዴ ይኸው ነው። ብርሃን የማያገኘው ጥግ ምረጥለት፤ ሆፕስ ያለበት ቢራ ብርሃን ሲመታው ይገማል፣ ጠርሙሱም ቡናማ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ሁለት ሳምንት አትንካው። ኤርሎኩ መንቀጥቀጡን ያቆማል፤ አንተም ያለቀ ይመስልሃል። የኤርሎኩን ዝምታ አትመን፤ ክዳኑ ትንሽ ቢያስተነፍስ ገና እየተብላላ ያለው ቢራ ዝም ይላል። በ14ኛው ቀን ትንሽ ቀድተህ ለካ፤ ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ለካ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ፣ ለምሳሌ ሁለቱም 1.011 ካሉ፣ ጨርሷል። ከመጀመሪያው ቁጥር የመጨረሻውን ቀንስ፣ በ131 አባዛ፤ የአልኮሉ መቶኛ ይወጣልሃል። ያንተ 4.3 ገደማ ይሆናል። ቁጥሮቹ ካልተገጣጠሙ እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ ቢጠብቅ እንኳ ወደ ጠርሙስ አታስገባ።

ጠርሙስ ውስጥ አረፋ እንዲኖረው ለእያንዳንዱ ሊትር 6 ግራም ያህል ተራ ስኳር ያስፈልጋል። በሚዛን መዝነው፤ ማንኪያ አይበቃም። ስኳሩን በጥቂት ውሃ አፍልተህ አቀዝቅዘው፣ ቢራውን ሳታንቦራጭቅ በሲፎን ስኳሩ ላይ ገልብጥ፣ ከዚያ ሙላ። ስኳሩን ከዚህ በላይ ማድረግ የፋሲካውን ሌሊት መድገም ነው። ለባለቤትህ ሰላም ስል ለመጀመሪያው ጊዜ መስታወቱን ተወው፤ ታጥቦ በአሲድ የተነከረ የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተጠቀም። ፕላስቲክ ሲጠጥር በጣትህ ተጭነህ ታውቃለህ፤ ከመጠን በላይ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ክዳኑን በቀስታ ፈታ አድርገህ ታስተነፍሰዋለህ። መስታወት ይህን ዕድል አይሰጥህም። ጠርሙሶቹን በካርቶን ሣጥን ውስጥ ከድነህ በክፍል ሙቀት ሁለት ሳምንት አቆያቸው፤ ከዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሁለት ቀን። ስትቀዳ ከታች ያለውን ነጭ ዝቃጭ ተወው። እርሱ እርሾው ነው፤ ጉሽ ጠላ ያሳደገህ ልጅ ስለሆንክ ብትጠጣውም አይገርምህም።

የጌሾው ጥያቄህ ልቤን ነክቶታል፤ ግን ለሁለተኛው ጊዜ አቆየው። ሆፕስም ጌሾም መራራነት ይሰጣሉ፤ ሁለቱም አንዳንድ የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችን ይገታሉ፤ ጣዕማቸው ግን አይገናኝም። ጌሾ የዛፍ ቅርፊት፣ የሣርና የአፈር መዓዛ አለው፤ ብርቱካኑ የለውም። መጀመሪያ ቢራ ምን እንደሚመስል በሆፕስ እወቅ፤ በኋላ ጣዕሙ ሲለወጥ ምን እንደለወጠው ታውቃለህ። በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ከሚፈላው ፈሳሽ በሦስት ኩባያ ቀንስ፤ በአንዱ ትንሽ የጌሾ እንጨት፣ በሌላው እጥፉን፣ በሦስተኛው ሦስት እጥፉን መዝነህ ጨምርና ለየብቻ አፍላ። ቀዝቅዘው ቅመሳቸው፤ ከባለቤትህ ጋር ሆነህ። የመረጣችሁትን በሊትር አባዝታችሁ ታገኙታላችሁ። የጌሾ ምሬት እንደ ሱቁና እንደ ቅጠሉ ዕድሜ ስለሚለያይ ከእኔ ቁጥር የእናንተ ምላስ ይበልጣል።

ለሽያጩ መልሴ አይሆንም ነው። በአሜሪካ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው። አንድ አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ላሉበት 200 ጋሎን ይፈቅዳል፤ ለቤተሰብና ለራስ እንጂ ለሽያጭ አይደለም። ጓደኛህ ነገ ደግሞ «አረቄም እናውጣ» ካለህ አትስማው። ያለ ፌዴራል ፈቃድ በቤት ማጣራት ወንጀል ነው፤ በእሳቱና በሚተነው አልኮልም ቤት ይቃጠላል።

«የሴት ሥራ» ላለህ ሰው ምን ልበል? በአገራችን ጠላ ጠማቂዎቹ ሴቶች መሆናቸው እውነት ነው። ያን ሁሉ የብቅል፣ የጌሾና የጥንስስ ዕውቀት የያዙት፣ ያለ ቴርሞሜትርና ያለ ሃይድሮሜትር ለዘመናት የጠበቁት እነርሱ ናቸው። አንተ ከእናትህ በስልክ መማርህ የሚያስቅ ነገር አይደለም። የሚቀጥለውን ጠላህንም ከእርሷ ጋር ጥመቅ፤ ቢራው ጠላን አያስተውህ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቃት፤ «መጥለል ያለበት ቀን መድረሱን በምን ታውቂያለሽ?» በላት። የምትመልስልህን ቃል በቃል ጻፈው፤ አረፋው ሲወድቅ ነው ትል ይሆናል፣ ድምፁ ሲቀንስ ነው ትል ይሆናል፣ ከላይ ሲጠራ ነው ትል ይሆናል። ከዚያ በዚያው ቀን ሃይድሮሜትርህን በጠላው ውስጥ አንሳፍና ቁጥሩን ከቃሏ አጠገብ መዝግብ።

ቢራህ ሲደርስ ሁለቱን ቁጥሮች፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን፣ ላክልኝ። ባለቤትህ ስትቀምሰው ያለችውንም ጨምርበት።